ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ጋዋን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን ጠበቃ፤

እንደምን ከርመሻል? አክስትሽስ ደህና ናት? ጉልበቷን ተሻላት ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣች ቁጥር ደረጃውን የሠራውን ሰው ትራገማለች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከዓይኔ በቀር ሁሉ ነገሬ በቦታው አለ። ዓይኔም ቢሆን አለ፤ መርፌ ውስጥ ክር ላስገባ ስል ብቻ ነው ጥሎኝ የሚሄደው። ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎናል። «ብሎናል» ያልኩት እኔንና አንዲት ሴትን ነው። ማን እንደሆነች አልናገርም፣ አኩርፈሻታልና።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጮክ ያልኩት የምረቃ ጋዋን የሚተኩስልኝ ኦዲተሩ እንዲሰማ ነበር። ካውያውን አቁሞ ካዳመጠ በኋላ ልጅቷ ሕግ ልትማር ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሳትማሪ እንዲህ የተከራከርሽ፣ ተምረሽማ ማን ይችልሻል?

ነገሩን እንደገባኝ ላስቀምጠው፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። ኮሌጁ ተቀብሎሻል። ክፍያው ከእናትሽ አቅም በላይ ነው። እናትሽ ደግሞ ያችን ወደ መንገድ የምታየውን ክፍል ለተከራይዋ ለፀጉር አስተካካዩ ልትሸጥለት ተስማምታለች። የክፍሏ ኪራይ መተዳደሪያዋ ስለሆነ አንቺ አይሆንም አልሽ፣ እሷ ይሆናል አለች፣ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ አክስትሽ ዘንድ ገባሽ። አሁን እኔ እናትሽን እንዳስቆምልሽ ትፈልጊያለሽ። ኮሌጁ ይቅርብኝ፣ አንተ ዘንድ መጥቼ ስፌት እማራለሁ፣ እሷም በክፍሏ ትደር ትያለሽ። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጽፈሻል፦ «ጋሼ፣ እሷ የኮሌጅ ግቢ ረግጣ አታውቅም። ምኑን አውቃው ነው ክፍሏን የምትሸጥለት?»

እዚህ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

እናትሽም በበኩሏ አንቺን እንድመክርላት ለምናኛለች። እናትና ልጅ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ በሁለቱም ወገን እንድቆም ጠይቃችሁኛል። ደመወዜን ግን አንዳችሁም አላነሳችሁም።

እንደ ቃልሽ ሄጄ አናገርኳት። ክፍሉን ሸጠሽ ስታረጂ ማን ይጦርሻል አልኳት። ከእኔ ሱቅ ጋዋን ለብሰው ወጥተው የት እንደደረሱ የማውቃቸውን ሁሉ አነሳሁላት። አንዷ የስልክ ካርድ ትሸጣለች፣ አንዱ መኪና ያጥባል፣ ያ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀው ልጅ ደግሞ አባቱ ጋራዥ ተመልሶ ጎማ ይለውጣል፤ እርግጥ ጎማውንም የሚለውጠው በከፍተኛ ማዕረግ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ትስቅ ነበር። አሁን ግን የያዘችውን አንሶላ አጥፋ፣ ጠርዝና ጠርዙን አገናኝታ፣ በመዳፏ ከጫነችው በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«ክፍሉን ሸጬ የምጎዳው ልኩ ይታወቃል» አለችኝ። «የሌላው ጉዳት ግን ልክ የለውም።»

ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እናትሽ በዚህ ተረት ላይ ቤት ሠርታ ኖራበታለች። ልብስ ሰፊን ያህል ሰው ልክ የለውም ከተባለ ምን መልስ አለው? ሜትሬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ ኦዲተሩን ጠየቅሁት። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ እንጂ ኦዲተር ሆኖ አያውቅም፤ የተመረቀው ግን በሒሳብ አያያዝ ነው። በምረቃ ሰሞን ይተኩስልኛል፣ በሌላ ጊዜ ያገኘውን ይሠራል። ከሚተኩሳቸው ጋዋኖች አንዱ ራሱ የተመረቀበት ነው፤ ግራ እጅጌው ላይ ባለች የቀለም ነጥብ ይለየዋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፤ ደረቱን ሲተኩስ ፈረስ የሚያሻሽ ነው የሚመስለው። እንግዲህ አንተ ቀምሰኸዋልና ኮሌጅ ያዋጣል ወይ አልኩት። ካውያውን ከትከሻ እስከ እጅጌ አንሸራቶ መለሰ።

«አያዋጣም» አለኝ። ጋዋኑን ገለበጠና ደግሞ፣ «ለልጄ ግን እንዳትነግርብኝ» አለ።

የተማረው እንዲህ ካለ ያልተማርኩት እኔ ምን ልበልሽ? ፊደል የለየሁት የጨርቅ ጥቅል ላይ ከተጻፈው እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ አንብቤ የገባኝ ዓረፍተ ነገር «በፈላ ውሃ አይታጠብ» የሚል ነው፤ እስከ ዛሬ ተመርቼበታለሁ፣ አልበደለኝም። የመመረቅም ችግር የለብኝም። የተሰፋው ጋዋን ትከሻው ደህና መውደቁን የማየው ራሴ ለብሼ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ሕክምና፣ ሕግና እርሻ ተመርቄ ለምሳ እደርሳለሁ። አንድ ጊዜማ ቆቡን ደፍቼ መስታወት ፊት ንግግር ሳደርግ ደንበኛ ገብቶ አጨበጨበልኝ። ቢሆንም አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ጋዋኑን አውልቄ ስሰቅለው ሁልጊዜ ትከሻዬ ትንሽ ይበርደዋል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የማልነግርሽ ነገር አለ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ሕልም እንዳልናገር ግን ማንም አላስማለኝም።

ሱቁ በዚህ ሰሞን ምን እንደሚመስል አይተሻል። ወለሉ ስለማይበቃኝ ጋዋኖቹን ከጣሪያው ሥር በተወጠረው ሽቦ ላይ ነው የምሰቅላቸው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱ ይገባና እጅጌዎቹን ይሞላቸዋል፤ ያኔ ሰው ገብቶባቸው ቀስ ብለው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ጥላቸው ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ከሥራቸው ጋደም ስል ሐይቅ ሥር ሆኜ ጀልባዎች ከላዬ ሲያልፉ የማይ ይመስለኛል።

ጋዋን የኪራይ ልብስ ነው፤ ዘንድሮ ረጅም፣ ከርሞ አጭር ይለብሰዋል። ስለዚህ ስሰፋው ከታች አንድ ስንዝር እጥፋት እተዋለሁ፤ እጥፋቱንም ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ረጅም ሰው ሲመጣ ክሩን መዝዤ እንዳወርደው። ሁሉም እንዲህ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። ጥግ ላይ ያለው አጭሩ ጋዋን እጥፋት የለውም። ለአንድ ሰው ልክ ብቻ ነው የተሰፋው፤ አከራይቼውም አላውቅ። ዕድሜው አንቺን በጥቂት ወራት ይበልጥሻል። ልለካው ብለሽ ደግሞ እንዳትደክሚ፣ አይደርስሽም፤ ቁመትሽ የአባትሽ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከሥራቸው ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እናትሽ እንደ ልማዷ ልታግዘን መጥታ ከኦዲተሩ ጎን ትተኩስ ነበር፤ የእንፋሎቱን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያሸለብኩት። በሕልሜ ጋዋኖቹ ተራ በተራ ከሽቦው ወረዱ። ውስጣቸው ሰው የለም። በሩን ራሳቸው ከፍተው በሰልፍ ወጡ፤ እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ፣ ኪራይ ሳትከፍሉ የት ነው እያልኩ ተከተልኳቸው። መሬት አይነኩም፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚሄዱት። ትራፊክ ፖሊሱ መኪናዎቹን አቁሞ አሳለፋቸውና እኔ ላይ ፊሽካውን ነፋ። ከዚያ በየመንገዱ ተበተኑ። አንዱ የስልክ ካርድ የምትሸጠዋን ልጅ ፈልጎ አገኛትና ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እሷም ዞር ሳትል አስተካክላ ለበሰችውና ለደንበኛዋ መልስ ሰጠች። አንዱ ጋራዥ ገባ። ጎማ የሚለውጠው ልጅ ጋዋኑ ሲያርፍበት ቀና አላለም፣ ብሎኑን ማጥበቁን አልተወም፤ ማፏጨት ግን ጀመረ። ጎማው እንደዚያው ጎማ ነው፣ ልጁም እንደዚያው ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሕልሜ ቆሜ ፉጨቱን ሳዳምጥ ዕንባዬ መጣ።

ወደ ሱቅ ስመለስ ሽቦው ባዶ ነበር። አጭሩ ጋዋን ብቻ ጥጉ ላይ ቀርቷል። ነፋሱ እጅጌውን ይሞላዋል፣ እሱ ግን አይወርድም። አንተስ አትሄድም ወይ አልኩት።

«የሚለብሰኝ ሰው አልጨረሰም» አለኝ።

ስነቃ ሁለቱ አሁንም ይተኩሳሉ። ሳቅ ላተርፍበት ብዬ ሕልሙን ነገርኳቸው። እናትሽ በትራፊክ ፖሊሱ ሳቀች፣ በእኔ ሩጫ ደግሞ ዕንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። አንዱ ሳይወርድ ቀረ ስላት፣ ሳቋን ሳትጨርስ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጭሩ አልኳት።

እጇ ካውያው ላይ እንዳለ ቆመ። ኦዲተሩ የሚጨስ ነገር ይሸተኛል ባይል ሁላችንም እንደቆምን እንቀር ነበር። ካውያው የምትተኩሰው ጋዋን ደረት ላይ መልኩን ትቶ ተነሳ። ይህች ሴት ከልጅነታችን ጀምሮ መሐረብ እንኳ አቃጥላ አታውቅም፤ የእኔን ሸሚዝ ያቃጠልኩት ሁልጊዜ ራሴ ነኝ። ደክሞኝ ነው አለች። እኔም አዎ ደክሞሽ ነው አልኳት። ኦዲተሩም የካውያውን ሙቀት ወቀሰ። ሦስታችንም ዋሽተን ሥራችንን ቀጠልን።

ስለዚህ ጠበቃዬ፣ ኮሌጅ ያዋጣል ወይ ካልሽኝ፣ በገንዘብ ከሆነ ኦዲተሩ መልሶልሻል፣ እሱ ከእኔ የተሻለ ይደምራል። የስፌት ማሽኑም ባዶውን ነው፤ መጥተሽ ብትቀመጪ ደስ ይለኛል፣ የማባርርሽ አይምሰልሽ፣ ምንም እንኳ የመጀመሪያውን ዓመት ቁልፍ ብቻ የማስተክልሽ ቢሆንም። እናትሽን ግን አላስቆምልሽም። ክፍሉን የምትሸጠው ለአንቺ ብቻ አይምሰልሽ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። እሑድ ነይ። ስትገቢ ይቅርታም ክርክርም አትጀምሪ፤ ሰኞ ጠዋት አብረሽኝ ነይ በያት ብቻ። ብትመዘገቢም ባትመዘገቢም እዚያ ደርሳችሁ ወስኚ፣ እኔ በሁለቱም አልከፋም። ስለ ሕልሙም እንዳትጠይቂያት። አንድ ነገር ግን ጠይቂልኝ። የኮሌጁን በር እንዳለፋችሁ፣ ወደ ሬጅስትራር በየት በኩል እንደሚኬድ ጠይቂያት። እኔን አትጠይቂኝ፤ ጋዋኖቹን የማስረክበው ለዘበኛው ነው፣ ከበሩ አልፌ አላውቅም። እሷን ጠይቂያት። ሳታስብ ትነግርሻለች። ምናልባትም ከአፏ እግሯ ይቀድማል። ያኔ አትጥሪያት፣ አትቅደሚያትም፤ ዝም ብለሽ ከኋላዋ ሂጂ።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የልብሽን መሻት ሙሉ ያድርግልሽ። ለአክስትሽ ጉልበት ምሕረት፣ ለደረጃው ደግሞ ትዕግሥት ይስጥልኝ።

የሚወድሽና የሚተርብሽ፣
የእናትሽ ወንድም