ከቅርጫቱ ሥር የማትቆመው ልጅህ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ

ውድ በድሩ፣

ስልክህ አሁንም አይገባም። ኔትወርኩ ሰኞ መጣ ሲሉን ማክሰኞ ሄደ፤ እኔም እንደ ድሮው ብዕር አነሣሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ወደ ጅማ ጭኖ የሚሄድ ሾፌር ነው። ሲመለስ መልስህን ይዞልኝ እንዲመጣ ተማምለናል፤ ስለዚህ ሻይ አጠጥተህ አቆየው። ባለቤትህ ራጂያ ደህና ናት፣ እኛም ደህና ነን። ሰላምታው በዚህ ይብቃ።

ጉዳዩ የፈሂማ ነው። የአዲስ አበባው ክለብ መርጧታል። የሰፈር ጨዋታ እንዳይመስልህ፤ ውል ያለው፣ ደመወዝ ያለው፣ እንጀራ የሚሆን ቅርጫት ኳስ ነው። ልጅህ ግን አልፈረመችም። "አባቴ ሳይሰማ አልፈርምም" ብላ አሰልጣኙን ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ እሱም እስከ መስከረም መጨረሻ ሊጠብቃት ተስማማ።

አንተ ወደ ጅማ ስትሄድ መናኸሪያ ቆመን ያልኸኝን አልረሳሁም። "መንገድ ተዘግቶ ንግዴን ቆረጠው፤ ቤቴን ለሁለት ከፈለው። ከእንግዲህ አንድም ሰው ከቤቴ አይወጣም" ነበር ያልኸው።  ዛሬ ግን እሺም እምቢም ከማለትህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ሰው ሲናገር የማቋረጥ ልማድህ በወረቀት ላይ አይሠራም፤ እሰይ።

ክርክራችን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ይጀምራል። እኔ ረጅም ስለነበርሁ ከቅርጫቱ ሥር አቆሙኝ፤ አንተ አጭር ስለነበርህ ኳሱን እያነጠርህ አምጣለት አሉህ። እኔ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀበልሁት፤ አንተ እንደ ስድብ ቆጠርኸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተምሬ ስመለስም ሐሳቤ ጠነከረ እንጂ አልተለወጠም፤ ቀለበቱ ከፍ ያለ ነው፣ ለቀለበቱ የሚቀርበው ያሸንፋል። አንተ በርበሬህን እየመዘንህ "ቁመትማ ለባሕር ዛፍም ተሰጥቶታል" ትለኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ግዙፎቹን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እያስቀመጡ ሁሉን የሚችሉ አምስት ፈጣኖች ማሰለፍ ሲጀምሩማ ስልክህን ይዘህ እስከማስተምርበት ክፍል በር ድረስ መጣህ። "ተመልከት! ከሥር ማንም የለም! ባዶ ነው!" ብለህ ስትጮህ ተማሪዎቼ ሰው የሞተ መስሏቸው ተነሡ።

ልጆች የማሠለጥንበት የእኛ ሜዳ ግን ከአሜሪካ ቀድሞ ፈርዶብኝ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች በደቦ ወጥተው ሲደለድሉልን እኔ ለፈተና እርማት ሄጃለሁ። ስመለስ መሐሉ ተቆልሎ ሁለቱ ጫፎች ተዳፍተው አገኘሁት። "አያ እንዳለው፣ ምንድን ነው ይኸ?" ብዬ የደቦውን አዛዥ ጠየቅሁ።

"አውድማ ነዋ!" አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። "ውሃ ያቆረ አውድማ እህል ያበሰብሳል። መሐሉን ከፍ አርገነዋል፣ አይስጉ መምህር።"

ቅርጫት ኳስ የሚወቃ ነገር መስሏቸዋል። ያን ያህል ሰው የደከመበትን ሥራ ዓይናቸው እያየ ማፍረስ ደግሞ ነውር ነው። በኋላ ሲሚንቶ ሲፈስበትም ጉብታው እንዳለ ቀረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ የሚጫወቱት በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ውሃው ሁሉ ወርዶ የሚተኛው በሁለቱ ቅርጫቶች ሥር ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ለረጃጅሞቹ ልጆች የጎማ ቦት ጫማ ገዛሁ። አሁን ስጽፈው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን የምሬን ነበር። ሕግ ሕግ ነው፣ ረጅም ሰው ከሥር ይቆማል። አንተ ከሱቅህ ደጃፍ ሆነህ "ቴዎፍሎስ! ሩዝ ልትዘራ ነው?" እያልህ ገበያተኛውን ታስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ፈሂማን እዚያ ውሃ ውስጥ አቁሜያት ሳለ መጣህና ክንዷን ይዘህ አወጣሃት።

"ልጄ ዳክዬ አይደለችም" አልህ።

"ቁመቷን እያባከንህ ነው" አልሁህ።

"የምታባክነውስ አንተ ነህ፤ እንደ ስልክ እንጨት አንድ ቦታ ተክለህ!"

ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን። አንተ በርበሬ በምታሰጣበት ወር በግቢህ የሠራኸውን ግን በአጥር በኩል አየሁ። ከቡሬ ያመጣኸው በርበሬ ጓሮውን ሞልቶ ተሰጥቷል፤ በስጡ መካከል ቀጭን ቀጭን መንገድ ትተሃል። ፈሂማ ያን ቁመቷን አጥፋ፣ ኳሷን ከመሬት ብዙም ሳታርቅ እያነጠረች በመንገዱ ትመላለሳለች። "አንድ ዛላ ብትጨፈልቂ ይህን ሁሉ የምትቀነጥሺው አንቺ ነሽ" ትላታለህ። ኳሷ ከፍ ካለች ትስታለች፣ ከሳተች ዛላው ይፈነዳል፣ ከፈነዳ ግቢው ሁሉ ያስነጥሳል። እኔም አጥሩ ሥር ሆኜ አስነጥሼ ተያዝሁ። "ና ግባ፣ ሰላይ!" ብለህ ስትስቅ ታረቅን።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሐምሌ ላይ መንገዱ ሲከፈት ክለቡ ባሕር ዳር መጥቶ ተጫዋች ሊመለምል ነው ተባለ። ራጂያ ልጅቷን አምጥታ "አደራ፣ በአባቷ እግር ነዎት" አለችኝ። በሚኒባሱ ከፊት ተቀመጥን፤ ለእግሯ ሌላ ቦታ የለማ። ከደምበጫ የመጡ እማዋይሽ የሚባሉ እናት ከኋላ ሲያይዋት ቆዩና አላስቻላቸውም።

"አንቺ ልጅ፣ አንቺን የሚያገባ መሰላል ይዞ ነው የሚመጣ?"

"መሰላል ይዞ ከመጣ እማማ፣ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ይሂድ" አለቻቸው ፈሂማ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንዴት እንደምትጫወት አውቃለሁ፣ የክለቡ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ግን አላውቅም።

አሰልጣኙ ገነነ ይባላል። ልጅ እግር ነው፤ ፊሽካውን እንደ ማዕተብ አንገቱ ላይ አስሯል። ፈሂማን ከራሷ እስከ እግሯ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ አታድክሚን። ከሥር የሚቆም ተጫዋች አንፈልግም። አምስቱም የሚሮጡ፣ አምስቱም ከሩቅ የሚወረውሩ፣ አምስቱም ማንንም መከላከል የሚችሉ ናቸው የምንፈልገው። የወደፊቱ ጨዋታ ይኸ ነው።"

በድሩ፣ የአንተን ቃል በአንተው ልጅ ላይ ሲወረውረው ስሰማ ደሜ ፈላ። ተነሣሁ። "ስማ ወንድሜ፣ ቀለበቱን ዝቅ አደረጋችሁት እንዴ? ኳሱ የሚሄደው ወደ ላይ አይደለም?"

"ወደ ላይ ሄዶ ወደ ታች ነው መምህር" አለኝ። ወንበር ላይ የተደረደሩት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ስለ ኳስ አወራወር ማዕዘን ልዘረዝርለት ጣቴን ሳነሣ ፈሂማ እጅጌዬን ያዘች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲቆጡ ሰው የሚያየው እኔን ነው። ይቀመጡ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞር አለች። "ከሥር እንደምቆም ማን ነገረዎ?"

 የሙከራው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል አስገባት፤ ለይሉኝታ ብሎ እንጂ ሊመርጣት ብሎ አልነበረም።

እንደገባች ልማዴ ያዘኝ። "ግቢ! ከቅርጫቱ ሥር ግቢ!" እያልሁ ጮህሁ። አዳራሹ ሁሉ ሰማኝ፤ እሷም ሰማችኝ፤ አልገባችም። ከኋላ መጥታ ኳሱን ተቀበለች። ሁለት ፈጣን ልጆች "ረጅም ሴት ኳስ ይዛ!" ብለው እንደ ጭልፊት ወረዱባት። ኳሱ ግን ከጉልበታቸው በታች ነበር፤ እጃቸው ባዶ አየር ዘገነ። በመካከላቸው አልፋ ብቻዋን ለቆመችው ጓደኛዋ አቀበለቻት፤ ገባ። በመከላከል ጊዜ ደግሞ ከሁሉም ፈጣን የሆነችውን ልጅ ራሷ ያዘቻት፤ ግራ ስትል ግራ፣ ቀኝ ስትል ቀኝ። አንድ ጊዜ ከርቀት ወረወረች። ክረምት ሙሉ ውሃውን ሸሽታ የወረወረች ልጅ ርቀት ምኗ ነው? ሰሌዳውን እንኳ ሳይነካ ገባ።

መጨረሻ ላይ ግን፣ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም፣ የሳተ ኳስ ቀለበቱን መትቶ ወደ ላይ ነጠረ። አምስቱ አጫጭሮች ዘለሉ፤ ፈሂማም ከሩቅ ሮጣ መጥታ ዘለለች፤ ከሁሉም እጅ በላይ የእሷ እጅ ሄደ። "ቁመት!" ብዬ ጮህሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ደንግጦ ሻዩን ደፋ።

ስለዚህ ፍርዱ ይኸውልህ። የቅርጫት ኳስ የወደፊት ዕድል የአጫጭሮች ነው ያልኸው ስሕተት ነው፤ ዛሬም አልቀበለውም። ጊዜው ያለፈበት ረጅም ሰው ሳይሆን አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አጭርም ቢሆን። ነገ ሁሉን የሚችሉ ረጃጅሞች ሲበዙ እነዚያ ፈጣን አጫጭሮች ምን እንደሚሆኑ አብረን እናያለን። ይህን ግን እኔ አላስተማርኋትም። እኔ ያስተማርኋት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ገብታ ከሥር ትቆም ነበር፤ ገነነም ትክክል ይሆን ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ገነነ ላቡን እየጠረገ መጣ። "መምህር፣ ይህችን ልጅ ያሠለጠናት ማን ነው?" አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። "አባቷ" አልሁት። "የት ክለብ ነው ያለው?" አለኝ። "በርበሬ ነጋዴ ነው" ስለው ያሾፍሁበት መስሎት ተቀየመኝ። ፈሂማ ናት ያስታረቀችን። ያን ጊዜ ነው ውሉን ያመጣው፤ ያን ጊዜ ነው እሷ አልፈርምም ያለችው።

ስንመለስ ዳንግላ ላይ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ "ጋሼ፣ አባቴ እምቢ ካለ እቀራለሁ። ሳይሰማ እምቢ እንዳይል ብቻ ያድርጉልኝ" አለች። ያለቀሰች እንዳይመስልህ። ድምፅዋ የረጋ ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። ቃሏን ጠብቄ የሆነውን ሁሉ አሰማሁህ።

ቤቴ ተበተነ ብለሃል። አልከራከርህም፤ አንተ ጅማ፣ ራጂያ እዚህ፣ አሁን ደግሞ ልጅቷ አዲስ አበባ ስትሆን የአባት ሆድ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። አምስት ሰዎች ሜዳው ላይ ተራርቀው ሲቆሙ ተመልካች የተለያዩ ይመስለዋል፤ ኳስ ለያዘው ግን መንገድ የሚከፍቱለት እነሱው ናቸው። እህትህ ሙሚና አዲስ አበባ አለች፤ ቤቷ እንደምታሳድራት ለራጂያ ነግራታለች። ወስጄ የማስረክባት እኔ ነኝ። የሚያርፉበትን፣ የሚበሉትን፣ ልምምዱ የሚያልቅበትን ሰዓት ሁሉ ሳልጠይቅና ሳልጨቃጨቅ አልመለስም።

እምቢ የማለት መብት አለህ። እምቢ ብትልም አላኮርፍህም፤ እቆጣ ይሆናል፣ እሱን ለምደኸዋል። አንድ ነገር ግን በስልክ ስንጯጯህ ብዬህ የማላውቀውን እዚህ ልጻፈው፤ አመሰግንሃለሁ። ልጅህን ከዚያ ውሃ ስላወጣሃት አመሰግንሃለሁ። አውጥተህ ደግሞ ከእኔ ስላልወሰድሃት፣ በታረቅን በማግሥቱ ራስህ አምጥተህ "ሌላ ነገር አስተምራት" ስላልኸኝ አመሰግንሃለሁ። አስተማሪ ብዙ ተማሪ ያገኛል፤ ሳይሸሸው የሚከራከረው ወዳጅ ግን የሚያገኝ ጥቂት ነው።

እሺ ካልህ አንድ ቃል ይበቃል፤ "ትፈርም" በልና በሾፌሩ ላክልኝ። እስከዚያ ገነነን አላስተኛውም፤ ቀኑን እንዲያራዝምልኝ ሌላ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፣ ነገም እጨምራለሁ። ሰው ማሰልቸት እንደማይቸግረኝ ከአንተ በላይ የሚመሰክር የለም።

በሐሳብ የማይስማማህ፣ በልጅህ የሚኮራ ወንድምህ፣

ቴዎፍሎስ