የሳሊሀ ፍየል

ግንቦት 7
ሙቀት፣ አቧራ፣ የሙከራ ፈተና። የስምንተኛ ክፍሏ ሳሊሀ ዛሬም ግማሹን ባዶ አስረከበች። የተማሪዎች አማካሪ ነኝና ቢሮዬ አስጠርቼ ያንኑ ጥያቄ በቃል ጠየቅኋት። አንድም አልሳተች።
«ታዲያ ወረቀቱ ላይስ?»
«ሆዴ ይገለባበጣል፣ ቲቸር። ፊደሉ ይጠፋብኛል።»
የፈተና ጭንቀት። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ… መፍትሔውን አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ።

ግንቦት 11
አባቷ አቶ ታሂር ከሮቢት መጡ። «ልጅዎ የቤተሰብ ድጋፍ ያስፈልጋታል» አልኋቸው። ቃል በቃል።
«ድጋፍ ከሆነማ ለኔ ተወው!»
ደስ ብሏቸው ሄዱ። ስኬታማ ውይይት።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ
ድጋፉ ፍየል ሆኖ ተገኘ። አርደው ሰፈሩን በሙሉ ለዱዓ ጠርተዋል፤ እኔንም። ሼህ ሙዓዊያ እጃቸውን ዘረጉ። «ፈተናውን ከእግርሽ ሥር ያድርገው! ሐኪም ያድርግሽ!»
«አሚን!» ቤቱ ተናወጠ።
የሳሊሀ ፊት አመድ መሰለ። ሥጋው ግን ጥሩ ነበር…

ግንቦት 18
«ለፈተናው አልቀመጥም» አለች ሳሊሀ።
«ለምን?»
«ፍየሉ ተበልቷል። ሰፈሩ ሁሉ አሚን ብሏል። ብወድቅ በየት በር እገባለሁ?»
መሳቢያዬን ከፍቼ ጽሑፌን ማገላበጥ ጀመርሁ።
«እርስዎም በልተዋል፣ ቲቸር።»
ትክክል ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ፍየል የሚያወሳ ምዕራፍ የለውም።

ግንቦት 21
ሼህ ሙዓዊያ ዘንድ ሄድሁ። መልካም ምኞትም በልጅ ላይ ሸክም ሊሆን እንደሚችል በጥንቃቄ አብራራሁ። ረዘመ መሰለኝ።
«አሳጥረው፣ ልጄ። ምን ብዬ ልመርቃት?»
«ብትወድቅም…» ብዬ ቆምሁ።
«አባቷ ለመውደቅ ፍየል የሚያርድ ይመስልሃል?»
«ያለ ፍየል ይሁን።»
እስኪያስላቸው ሳቁ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ
ሁለተኛው ዱዓ። ቆሎ ብቻ። «ያ አላህ! ብታልፍም የኛ፣ ብትወድቅም የኛ አድርጋት!» አሉ ሼሁ።
«አሚን» ያለው ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም አቶ ታሂርን አየ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ቆሎ ለቀሙ።
«አሚን» አሉ በመጨረሻ። «ግን ብታልፍ ይሻላል።»
ሳሊሀ ሳቀች። ሳቋን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 4
ተቀመጠች! ከፈተናው ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኋት።
«ሆድሽስ?»
«ተገለባበጠ። ይገለባበጥ ብዬ ስሜን ጻፍሁ። ቀስ እያለ ፊደሉ መጣ።»
ስንቱን እንደ ሠራች ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። የሼሁ ዱዓ ትዝ አለኝ… ዘጋሁት።
አባቷም ደረሱ። ከእኔ ይበልጥ ማወቅ እንደሚሹ ፊታቸው ያሳብቃል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
«ራበሽ?» አሏት።