ሰባት ቁጥርን አስረው ጭስ ለቀነሱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? በዳገቱ ሰፈር ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው እኔ አክባሪዎ፣ ከሳሉ በቀር በጣም ደህና ነኝ። ለእርስዎም ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይዘጋ አፍንጫ እመኛለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ግራፍ አይቼ፣ ከደስታዬ ብዛት እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። መሬት አልነካም አልኩ እንጂ የተመለስኩትስ በእግሬ ነው፤ ሌላ መመለሻ የለኝም። በከተማችን ከትራንስፖርት የሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ በስድስት ወር ውስጥ በግማሽ ቀነሰ ይላል። ቀዩ መስመር ሸርተቴ እንደሚጫወት ሕፃን ከላይ እስከ ታች ይንሸራተታል። እዚያው በሩ ላይ እልልታዬን ባቀልጠው ጊዜ፣ የጥበቃ ሠራተኛዋ፣ «ወንድ ልጅ እልል አይልም» ብላ ገሠጸችኝ እንጂ እስካሁንም አላቆምም ነበር።

ለመሆኑ እንዴት ቀነሰ ብዬ መጠየቄ ግን ክፉ አመሌ ነው። ሠንጠረዡን የሚሞሉት ባለሙያ፣ ውለታቸውን ፈጣሪ ይክፈላቸውና፣ ሳይሰለቹ አስረዱኝ። ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት አውቶቡሶች ሌላ ይህ ነው የሚባል መኪና በከተማው ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ዛሬም የሚቆጥረው እነዚያኑ ሁለቱን ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የእኛው ሰባት ቁጥር፣ የዛሬ ስድስት ወር ያጨሳል ተብሎ በግቢዎ ታሰረ። ከሁለት አንድ ሲቀነስ ግማሽ ቀረ ማለት ነው። እሰይ! እኔ ይህን ያህል ዘመን ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ እንዲህ ያለ አቆራረጥ አላየሁም። ጎረቤቶቼ፣ ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያሉ ይስቃሉ፤ እኔ ግን በኃላፊ ላይ ተረት አይተረትም ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ።

ደስታዬን ሙሉ እንዳይሆን ያደረጉ ጥቂት ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ፣ ጊዜዎን ከወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

፩. ሰባት ቁጥር በአንድ ምልልስ ሰባ ሰው ይጭን ነበር። አውቶቡሱ ቢቀነስም ሰባው ሰው ግን፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ አልቀነሰም። የእንጨት ሠራተኛው ጎረቤቴ ከአጎቱ የወረሳትን መኪና ከስንት ዓመት እንቅልፏ ቀስቅሶ አመጣት፤ እሷ ስትነሣ እኔ በእጄ የያዝኩት መቀስ አይታየኝም። አስተማሪዋ ገዛች፣ ፋርማሲስቱ ገዛ፣ ፀጉር አስተካካዩም ተበድሮ ገዛ። ሁሉም ለየብቻው ያጨሳል፤ ሁሉም ከሠንጠረዡ ውጭ ነው።

፪. ሳይቆጥሩ ማማት ነውር ነው ብዬ ቆጠርኩ። ብዕር ብይዝ ሥራዬ ይቆማል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በደጄ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ የልብስ ቁልፍ ወደ ጣሳ እወረውራለሁ። አውቶቡሱ በታሰረ ማግስት አርባ ቁልፍ ሆነ። ባለፈው ሰኞ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ላይ ስደርስ ቁልፍ አለቀብኝ፤ መኪናው ግን አላለቀም። ጣሳውን ለምርምር ሥራ እንዲቀመጥ ብዬ አልነካም ስላልኩ፣ አንድ ሙሽራ ደንበኛዬ ኮቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ገጥሞ ወደ ሠርጉ ሄደ። እንዲያውም የወደደውን ሰው ያቀፈ መስሎ አማረበት። ነጭ ሸሚዝ ያዘዙኝም ደጄ ላይ ሁለት ቀን ከተሰቀለ በኋላ ግራጫ ሸሚዝ ይረከባሉ፤ የቀለሙን ሥራ እርስዎ በነፃ ስለሚሠሩልኝ አመሰግናለሁ።

፫. ባለቤቴ ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ድሮ በሰባት ቁጥር መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ትሄድ ነበር። አሁን በሞተር ሳይክል ነው የምትሄደው፤ የማላውቀውን ጎረምሳ ወገብ ጥርቅም አድርጋ ይዛ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን እኔን እንደዚያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም! ይህ በየትኛው ረድፍ እንደሚመዘገብ ባለሙያዎን ጠይቄ ነበር፤ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወጡ። እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ዳገቱን ወርዳ ደረስኩ ብላ እስክትደውል ድረስ መርፌ አልይዝም። እፈራለሁ።

፬. መካኒክዎ እንደነገሩኝ፣ የሰባት ቁጥር ጭስ አንድ ፊልትሮ ቢቀየር የሚጠፋ ነበር። ይህን ቅሬታ ብዬ አልቆጥረውም፤ ቁጥር ስለሰጠሁት ይቅርታ።

እንግዲህ በሚመጣው ሐሙስ ሰባት ቁጥር ተቆራርጦ ለብረት አቅላጮች እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ። ከተቆራረጠ በኋላ ወደ ልብዎ ቢመለሱ እኔ ልሰፋው አልችልም፤ ሙያዬ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት ፊልትሮው ተቀይሮ አውቶቡሳችን እንዲለቀቅልን፣ ሠንጠረዡም በመንገዱ ላይ የሚያጨሰውን ሁሉ እንዲቆጥር በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣልና እንዳይደነግጡ። ሰባው ሰው ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ እሱም በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛዋ ብትቆጣም ባትቆጣም እልል እልልዎታለሁ።

በወረቀት ላይ ንጹሕ አየር እንድንተነፍስ ስላደረጉን ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እጅ ነሥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ትንሽም አስዬ እሰናበትዎታለሁ።

የዳገቱ ሰፈር ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የሰፈራችን ሰው የሆኑት እናትዎ ደህና ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰባት ቁጥር እየመጡ ይጠይቁዎት እንደነበር አይረሱትም። ጉልበታቸው ዳገቱን አይችልም፤ በእሳቸው ዕድሜ ሞተር ላይ ይውጡ አይባልም። ከቀሩ ስድስት ወር ሆናቸው። ልጄ ምነው ቀረሽ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም ብለው ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ሲተክዙ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ ዋሽቼልዎታለሁ። ከሐሙስ በኋላ ግን ሌላ ውሸት የለኝም።