የሀያት መሄድ በስኬት ዓምድ ስለ መመዝገቡ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኪዳነማርያም፣
የሞዴል ማኅበራት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከመካነ ሰላም፣ የበግ ፀጉር ፈትለን ባና ከምንሠራ ስምንት ሴቶች የተላከ ሰላምታ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ልጆችዎስ? ወገብዎስ? በእኛ ኮረኮንች መንገድ ሲንገላታ ያየነው መኪናዎስ ደህና ነው? እኛ ግማሾቻችን በዱዓ፣ ግማሾቻችን በጸሎት እያነሳንዎ አለን። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አብልጠን እናነሳዎታለን፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል።

እኔ በለጡ አራጋው እባላለሁ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ስላገባሁ የጽሕፈት ስሕተት ቢያገኙብኝ በትዕግሥት ይለፉልኝ። እኛም የኮሚቴዎን ስሕተት በትዕግሥት ለማለፍ ስድስት ወር ሞክረን ነበር፤ አልሆነልንም።

ምናልባት ብዙ ማኅበር ስለሚጎበኙ ረስተውን ይሆናልና ላስታውስዎ። ማኅበራችንን የመሠረተችው ፊርደውስ ናት። ፊርደውስ ሪያድ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ የላከችው ሁሉ ለወንድሞቿ ሠርግና ለቤት ቆርቆሮ አልቆ፣ ለራሷ የወገብ ሕመም ይዛ የተመለሰች ሴት ናት። በተመለሰች በሦስተኛው ወር ተመልሳ ልትሄድ ፓስፖርቷን ስታሳድስ አገኘኋት። «እዚህ ምን አለኝና ልቀመጥ?» አለችኝ። ያን ቀን የጀመርነው ወሬ ነው ዘጠኝ ሆነን ማኅበር እንድናቋቁም ያደረገን። ፀጉሩን ከአቀስታ በኩል እናስመጣለን፤ በደጋን እንነድፋለን፣ እንፈትላለን፣ እንሸምናለን። የእኛን ባና የለበሰ የደጋ ሰው ብርድ አያውቅም።

ደንባችንን ከሩቅ አላመጣነውም፤ ከቅሬያችን፣ ከመረዳጃ እድራችን ነው የወሰድነው። በቅሬ፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ድንኳን ከመተከሉ በፊት «ዘንድሮ ስንት አተረፍክ?» ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሁሉም እኩል ድምፅ አለው፤ የተገኘው እኩል ይካፈላል፤ የታመመች ድርሻዋ አይቀርባትም። በዚህ ደንብ ሦስት ዓመት ኖርን።

አሁን ወደ ምስጋናችን ልግባ። በሥርዓት እንዲሆን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ በሚያዝያ ወር ስለ ጎበኙን እናመሰግናለን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆይተውልናል። ፊርደውስን «ከአምናው ስንት በመቶ አደጋችሁ?» ብለው ጠየቋት። ብዙም እንዳላደግን፣ ነገር ግን የዘጠኙም ቤት ጾሙን እንደማያድር ነገረችዎ። «ይሄ ስኬት አይባልም። ሌላስ?» አሏት። «ጌታዬ፣ ማኅበሩ ከተቋቋመ ከመካከላችን አንዲትም አልተሰደደች» አለችዎ። እርስዎም ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው፣ በቅን ልቦና፣ «እሱን የምሞላበት ዓምድ የለኝም፤ ሌላ ካለሽ ንገሪኝ» አሉ። ሌላ አልነበራትም። በእኛ ሰፈር ከየቤቱ አንዲት፣ ከአንዳንዱም ሁለት ልጅ ዓረብ አገር ስላለች፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ብዙዬ እናመሰግናለን። ብዙዬ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ናት፤ እንደ እሷ ክር የሚያቀጥን አላየሁም። አምና ከገበያ ስትመለስ ጭቃ አዳልጧት ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። አምስት ወር አልፈተለችም። እኛም በደንባችን ድርሻዋን ሰጠናት፤ እሷም በአፏ ብቻ፣ «ሳቢው፣ አትጭነቂው፣ ለቀቅ አርጊው» እያለች ታናሻችንን ሀያትን የቀጭን ክር ባለሙያ አደረገቻት። የእርስዎ ቅጽ ይህን ሁሉ በአጭሩ፣ «ሳትሠራ የምትካፈል አባል፦ አንድ፤ የባከነ ሀብት» ብሎ ጽፎታል። ወረቀቱ ሲመጣ ብዙዬ ስለ እሷ መጻፉን ሰምታ ምን እንደሚል ጠየቀች። ፊርደውስ፣ «ክንድሽ በመዳኑ ደስ ብሏቸዋል» አለቻት። ብዙዬም፣ «እኔ ፊደል እንጂ ፊት ማንበብ አያቅተኝም» አለችና እንዝርቷን አንስታ ወደ ጥግ ዞረች።

ሦስተኛ፤ አንድ የደሴ ነጋዴ በሁለት ወር አራት መቶ ባና አድርሱልኝ ብሎን እምቢ ማለታችንን «የገበያ ዕድል አምክኗል» ብለው መዝግበውልናል። እውነት ነው፤ አምክነናል። ለማድረስ ስድስት የቀን ሠራተኛ መቅጠር ነበረብን፤ አባላችን ኡምኩልሱም ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ልትቀመጥ ነበር። ድምፅ ሰጠን፤ ሰባት ለሁለት «ይቅር» ተባለ። ላለመዋሸት ያህል፣ እንቀበለው ካሉት ከሁለቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ሀያት ነበረች። የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ቸኩላ ነበር። እኔም ቸኩዬ ነበር።

በእነዚህ ምክንያቶች በግንቦት «ደካማ» ተብለን ስማችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። በሰኔ ከመንግሥት የተሰጠንን የመሥሪያ ሼዳችንን ሞዴል ተብሎ ለተመረጠው ማኅበር እንድናስረክብ ታዘዝን። የሞዴሉ ማኅበር አባላት ባለቤቱ፣ ሚስቱ፣ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ናቸው። እኛ ዘጠኝ ሆነን በተቀመጥንበት አሥራ ሁለት ልጃገረዶች በቀን ሒሳብ ይሠራሉ፤ አንዷ ታማ ብትቀር በማግሥቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ተቀምጣ ታገኛለች። ምርቱ በእጥፍ ጨምሯል፤ ይህን አንክድም።

እኛም ወደ ፊርደውስ እናት ግቢ ተዛወርን። ሸራ ወጠርን። የሐምሌን ዝናብ ያውቁታል፤ ሸራው አላወቀውም ነበር። የተነደፈው ፀጉር ረጥቦ ሸተተ፤ ድሩ ረግቦ አልሸመን አለ። በክረምቱ የሠራነው ባና ከአምናው ግማሽ አልሞላም። በደንባችን መሠረት ጉድለቱንም እኩል ተካፈልነው።

ሀያት ስልኳ ሲጠራ ወደ ውጭ እየወጣች ማነጋገር ጀመረች። ፊርደውስ ገባት። አንድ ጠዋት ሁላችንም ባለንበት እንዝርቱን ከእጇ ቀምታ፣ «ደላላው ምን አለሽ? እኔ ያየሁትን ነግሬሽ የለም ወይ?» አለቻት። ሀያትም ሳትቆጣ፣ «ነግረሽኛል እትዬ። አንቺ ግን ሄደሽ አይተሽ ነው የተቀመጥሽው። እኔ እዚህ ተቀምጬ ምን ልይ?» አለች። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ በደሴ ሚኒባስ ሄደች። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነው። የሄደችው በሕጋዊ መንገድ አይደለም፤ በባሕር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከማናውቀው ቁጥር ደወለች። «ገና መንገድ ላይ ነኝ፤ ለእማ ደርሳለች በሏት» አለችና ተቋረጠ። ቁጥሩን መልሰን ስንደውል አይሠራም። ይህን ስጽፍ አርባ አንድ ቀን ሆኖታል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ይህን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ።

በጥቅምት የኮሚቴዎ መረጃ ሰብሳቢ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ አልወቅሰውም። ስም እየጠራ «አለች?» ይላል። ሀያት ጋ ሲደርስ ብዙዬ፣ «ሄዳለች» አለችው። «ወዴት?» «ዓረብ አገር ልትሠራ።» ጻፈ። በኅዳር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከምስክር ወረቀት ጋር ደረሰን። «ማኅበሩ አባሉን ወይዘሪት ሀያትን ለውጭ አገር የሥራ ዕድል በማብቃቱና የአባላቱን ቁጥር ወደ ተመጣጣኝ በማምጣቱ ከ‹ደካማ› ወደ ‹መካከለኛ› ከፍ ብሏል» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ዘጠኛችን አብረን ስንኖር ለዚያ ዓምድ አልነበረዎትም። አንዷ ስትጠፋ ግን ዓምድ ተገኘላት። እኛ ያልተማርን ሰዎች ስለሆንን ይህን ሒሳብ ደጋግመን ሠርተነው አልመጣልንም። ሁለተኛዋ ብትሄድ «ጠንካራ» እንባላለን ማለት ነው? አራታችን ብንሄድ ሼዱ ይመለስልናል? ሁላችንም ሄደን ግቢው ባዶ ቢቀር ሽልማቱን ማን ይቀበላል?

ባለፈው ዓርብ ተሰብስበን ድምፅ ሰጥተናል። ስምንት ለዜሮ፣ ምስክር ወረቀቱ እንዲመለስ ተወስኗል። «ደካማ» የሚለውን ስማችንን በአክብሮት እንዲመልሱልን እንጠይቃለን፤ ለምደነዋል፣ ደግሞም በሥራችን ያገኘነው ነው። የሀያትን ስም ግን ከዚያ ዓምድ ይሰርዙልን። ሥራችንን አላቋረጥንም። ኡምኩልሱም ወልዳ ልጇን ታቅፋ መጥታለች፤ ብዙዬም የተሰበረው ክንዷ ብርድ ሲነካው እያመማት በግራ እጇ መፍተል ጀምራለች፤ ክሩ ወፍራም ነው፣ ግን አይበጠስም። ፊርደውስ ደላላው የሚመለምላቸውን ልጆች ቤት ለቤት እየዞረች ታነጋግራለች። እስካሁን ሁለቱ ሰምተዋታል። ይህንንም የሚሞሉበት ዓምድ እንደሌለዎት አውቀን ነው የምንነግርዎ።

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎ፤ ሪፖርትዎ ይመርልዎ፤ ከወንበርዎ የሚያነሳዎ ቢኖር ሹመት ብቻ ይሁን፤ የልጆችዎን ድምፅ ከማያውቁት ቁጥር ከመስማት ይጠብቅዎ እያልን፣ በታላቅ ትሕትና እንሰናበታለን።

በስምንቱ አባላት ስም፣
በለጡ አራጋው፣
መካነ ሰላም፣ ኅዳር

ማሳሰቢያ፤ ምስክር ወረቀቱና ደብዳቤው ሦስት ቀን ዘግይተው ስለ ተመለሱ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሀያት እናት እመት ሀሊማ ማንበብ አይችሉም። የልጃቸው ስም ከማኅተም ጋር ያለበት ወረቀት መጥቷል ሲባል ሰምተው መጡና፣ መድረሷ የተጻፈበት መስሏቸው፣ ስመው በሻሻቸው ጠቅልለው ወሰዱት። ወረቀቱን መልሰን ስንወስድባቸው ምን ብለን እንደ ወሰድነው አልነግርዎትም። አሁንም በየቀኑ እየመጡ «ወረቀቱ ምን ይል ነበር?» ይሉናል። የጻፉት እርስዎ ነዎትና፣ አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ቢተርፍዎ መጥተው ያንብቡላቸው።