ምንም አልጎደለብንም

ውድ ሜህራንጌዝ፣

ፖስታውን ስትከፍቺ መጀመሪያ ፊርማውን ፍለጋ እንዳትገላብጪ፤ እኔው ነኝ፣ ሳድባርግ፣ የሳንግዳራ ትምህርት ቤት ሾርባ ሠሪ። በሕይወት አለሁ፣ ወፍሬያለሁ፣ ሁለት ጥርሴ ወልቋል፣ ወሬዬ ግን እንዳለ ነው። ያለሽበትን የነገረችኝ ልጄ ዘሪና ናት። ለሕክምና ኹጃንድ ከተማ ሄዳ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስምሽን አነበበች። ገብታ ሰላም ሳትልሽ ተመለሰች። ስቆጣት «እማዬ፣ አንቺ የምትያት ነገር አለሽ፤ መጀመሪያ አንቺ በያት ብዬ ነው» አለችኝ።

ይቺ ልጅ ከማን ወጣች? እውነቷን ነው፣ የምልሽ አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የኖረ ነገር ነው። ዛሬ ደስታ ሲያስፈነጥዘኝ እሱም አብሮ ሊወጣ ነው። ግን ቅደም ተከተሌን ታውቂዋለሽ፤ ከድሮው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ያ የክክ ሽታ ትዝ ይልሻል? ማክሰኞ ማክሰኞ ነጯ መኪናሽ አቧራዋን እያስከተለች ከወንዙ ማዶ ስትታይ ልጆቹ ትምህርቱን ጥለው መስኮት ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። አንቺ የእርዳታ እህሉን መጋዘን አይተሽ፣ ጆንያውን ቆጥረሽ፣ ከዚያ የተገለበጠችው የዘይት ጣሳ ላይ ትቀመጫለሽ። እኔ ኩበቱን እየቆሰቆስኩ አወራሻለሁ። ልጆቹ ከየቤታቸው ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ፤ አንዷ የአያቷን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ይዛ መጥታ «ሌላ የለንም» ያለች ቀን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ቆየሽ። እኔ ያላየሁ መስዬ ጨው ጨመርኩ። ያን ቀን ሾርባው መረረ፤ ልጆቹ ግን ጨለጡት።

ደግሞ ያ ትራስ! የአሮጊቷን የቢቢ ሳውሪን የልጅ ልጅ ስንድር ለሙሽራዋ ትራስ የሰፋነው ከዱቄቱ ጆንያ ነበር፤ እንዴት ያለ ጠንካራ ጨርቅ ነው! ላዩ ላይ ያለውን በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰማያዊ ጽሑፍ ጌጥ ነው ብለን ወደ ላይ አደረግነው። አንቺ የሙሽራዋን ጥሎሽ ልታዪ ገብተሽ ስታነቢው ወለሉ ላይ ተቀመጥሽ። ሳቅሽ አላናግር ብሎሽ እንባሽ ወረደ። «ምንድነው እሱ?» ብለን ስናስጨንቅሽ «"ለሽያጭ አይደለም" ነው የሚለው» አልሽ። ቢቢ ሳውሪም ሳትስቅ ሳትደነግጥ «ታዲያ እውነቱን ነው፤ ልጃችንን እየሸጥናት አይደለም» ብላ ትራሱን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ያ ትራስ አሁንም አለ። ጽሑፉ ትንሽ ደብዝዟል።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ፈራሁት ልግባ።

በበልጉ መጨረሻ መጣሽ። ጣሳዋ ላይ አልተቀመጥሽም። «ኦፓ» አልሽኝ፤ ታላቅ እህቴ ብለሽ ስትጀምሪ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። «እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ምግቡን ከሚሰጠው አገር መንግሥት። አዲስ ሰዎች ሥልጣን ይዘዋል፣ ለውጭ አገር የሚሰጠውን ለመቀነስ ወስነዋል። ከዘጠኙ ወረዳ አራቱ ይሰረዛል። የቱ እንደሚሰረዝ አይተው ነው የሚጽፉት።»

«ይምጡ! ዓይናችን ላይ ይቀመጡ!» አልኩሽ።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው። ዓይናችሁ ላይ አታስቀምጧቸው። ኦፓ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልጆቹ የሚበሉትን ብቻ ያቅርቡ። ክክና ዳቦ። ማር የለም፣ ለውዝ የለም፣ ሥጋ የለም።»

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል ገባሁልሽ። ከልቤ ነበር፤ እመኚኝ። ግን አንቺ ከሄድሽ በኋላ ርዕሰ መምህሩ አካ ኑርሙራድ ነገሩን ሰምቶ ወጥ ቤቱ ድረስ እየሮጠ መጣ። «ሳድባርግ፣ አብደሻል? ሦስት ተራራ አቋርጦ ለመጣ ሰው ክክ? የላይኛው መንደር ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ይስቁብናል!» ቢቢ ሳውሪ ደግሞ ከኋላው ተከትላ «በጌን እሰጣለሁ» አለች። «ለልጅ ልጅሽ ግርዛት ያሰብሽውን?» ስላት «ልጁ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው እንግዳው ነው» አለችኝ።

የሆነውን አይተሻል። ለክረምት ያስቀመጥነው ሁሉ በአንድ ቀን ወጣ። ከየቤቱ ምንጣፍ ተለምኖ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ተነጠፈ፤ ደስተርኻኑ፣ የገበታው ጨርቅ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጋ። የደረቀ አፕሪኮት፣ ለውዝ፣ የአካ ኑርሙራድ ማር፣ የበጉ ሥጋ በሩዝ። አንቺ እንግዶቹን እየመራሽ በሩ ላይ ስትደርሺ ፊትሽ አይብ መሰለ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደነቃት ብዬ ኮራሁ!

ሦስት ነበሩ። ሴትዮዋ ፎቶ ታነሳለች፤ አንዱ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት እንደ ታሰረ ግመል ይገላበጣል፤ ረጅሙ ማስታወሻ ይይዛል። ረጅሙ ከበላ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ፤ አንቺም ወደ እኔ ዞረሽ፣ በዓይንሽ እየለመንሽኝ፣ ተረጎምሽው፦

«ምን ይጎድላችኋል? ነው የሚሉት።»

«ተመስገን! ምንም አልጎደለብንም! እነሱ ብቻ ደህና ይሁኑልን» አልኩ።

አፉ በቅቤ የራሰ እንግዳ ፊት ሌላ ምን ይባላል? እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለው፣ እናቷም። አንቺ ግን አልተረጎምሽም። «ኦፓ፣ እንደገና ልጠይቅዎት» አልሽኝ። እኔም ክብሬ ተነካና «ሰማሽኝ እኮ፣ ልጄ። ተርጉሚ እንጂ!» አልኩሽ። ተረጎምሽ። ረጅሙ ሰውዬ ጻፈ።

ከሦስት ወር በኋላ መኪናዋ አንቺን ብቻ ይዛ መጣች። መጋዘኑ ጥግ ወስደሽኝ እንግዶቹ እኛን ከሰረዙበት ወረቀት አንዲት መስመር አነበብሽልኝ፤ እስካሁን በቃሌ አለችኝ። «ነዋሪዎቹ ምንም እንዳልጎደለባቸው ገልጸዋል፤ የቀረበልን ገበታም ይህንኑ ያሳያል።» ወረቀቱን አጣጥፈሽ «መቀነሱ አይቀርም ነበር፣ ኦፓ፤ የሚሰርዙበት ምክንያት እየፈለጉ ነበር። እኛ ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ሰጠናቸው» አልሽኝ። እኛ ነው ያልሽው። «እርስዎ» አላልሽኝም። እሱ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ሰዉ ግቢው ውስጥ ከበበሽ።

«አስተርጓሚዋ ናት! ያላልነውን ብላብን ነው!»

«የከተማ ልጅ! በቋንቋቸው ምን እንዳለቻቸው ማን ያውቃል?»

«እኛ ስንለምን እሷ ጠግበዋል ብላለች!»

አንቺ ግን እኔን ነበር የምታዪው። አንዲት ቃል ትጠብቂ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያልኩት» የምትል። እኔ ትልቁን ድስት እያጠብኩ ነበር። ድስቱ ንጹሕ ነበር፣ ሜህራንጌዝ። ታጥቦ አልቆ ነበር። ጭንቅላቴን ውስጡ ከትቼ መፈግፈጌን ቀጠልኩ፤ የራሴ ትንፋሽ እየተመለሰ ፊቴን ሲመታኝ ይሰማኛል። ቀና ስል መኪናዋ ወንዙን ተሻግራለች። መስኮቱ ላይ ለኔ ብለሽ ከከተማ ያመጣሽው ረጅም ጭልፋ ተቀምጧል።

ያን ክረምት ልጆቹ ቀትር ላይ ለምሳ ወደ ቤት ይሄዱና በዚያ በረዶ ማን ይመለሳል? አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። ዘሪናም ከሰባተኛ ክፍል ቀረች። አሁን ለልጇ የተረት መጽሐፍ ስትገልጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታነባለች፣ ግን በዝግታ። በቃ፣ ይህ የደስታ ደብዳቤ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ አላለቅስም።

አሁን ስሚኝ! በሚያዝያ አካ ኑርሙራድ ሰዉን ሁሉ ትምህርት ቤት ሰበሰበ። እሱም አርጅቷል፣ ጺሙ ጥጥ ሆኗል፣ ጡረታውን ግን እንቢ ብሏል። «የትምህርት ቤት ምሳ ሊመለስ ነው። አሁን የሚከፍለው የራሳችን መንግሥት ነው። ግን በጀቱ ለሁሉም አይበቃም፤ ሰዎች መጥተው አይተው ይመርጣሉ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እህስ፣ በግ ያለው ማነው?»

ሦስት እጅ ወጣ! በአላህ፣ ሦስት!

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «በግ አይታረድም» አልኩ። «ያኔ ሜህራንጌዝ ያላልነውን አላለችም። ያልኩትን ነው ያለችው። ምንም አልጎደለብንም ያልኩት እኔ ነኝ። ደግማ ጠይቃኝ ደግሜ ነው ያልኩት። እናንተ ስትሰድቧት ድስት ውስጥ ተደብቄ ዝም አልኩ።»

አሁን ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ቢቢ ሳውሪ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ደበደበች። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው።

«አንቺ ማነሽና ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለሽ የምትወስጂው? በጉ የኔ ነበር!»

«ማሩስ የኔ አይደል?» አለ አካ ኑርሙራድ።

«ቀዩ ምንጣፍ የኛ ነው!»

«ያ ጎረምሳ በግ ከማሩ ጋር ይወዳደራል? ሰውዬው የጻፈው ማሩን ልሶ ነው!»

«ልሶ? ሥጋውን ሦስቴ ነው ያስጨመረው!»

ምን ልበልሽ፣ እኔ አጠፋሁ እኔ አጠፋሁ እያሉ ሊደባደቡ! ስቄ ሆዴን ያዝኩ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ያቺን ልጅ ግን ሰድበናታል» አለች። ማንም «እኔ አልሰደብኩም» አላለም። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ሰዎቹ በግንቦት መጡ፣ ሴትና ወንድ፣ ከወረዳው። ደስተርኻኑን ዘረጋሁ፤ ላዩ ላይ ዳቦ፣ ስኳር የሌለው ሻይ፣ በቆርቆሮ ሳህን የክክ ሾርባ። ሌላ ምንም። ቢቢ ሳውሪ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ እንግዶቹ እየሰሙ፣ «ይህን ሳላይ በሞትኩ! ለእንግዳ ክክ!» ትላለች።

ሰውዬው ገበታውን አየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቆይቶ። የኛው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ገበታ ለእንግዳ የሚዘረጋ ቤት ምን ያህል እንደተቸገረ ማስታወሻ ደብተር ሳይገልጥ ገባው። ቢሆንም ጠየቀኝ።

«እናቴ፣ ምን ይጎድላችኋል?»

ምላሴ በራሷ «ተመስ...» ብላ ጀመረች! ነከስኳት።

«ምሳ» አልኩ። «ልጆቹ ቀትር ላይ ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። የጎደለን ምሳ ነው።»

ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ቃል ሁለት ፊደል ነው። ሰውዬው ሳህኑን ጨርሶ «ይጨመርልኝ» አለ። በአንቺ ጭልፋ ጨመርኩለት።

ባለፈው ሳምንት ወረቀቱ መጣ። ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ ድስቱ ይጣዳል፤ ሾርባ ሠሪዋም እኔው ነኝ። ዘሪና ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች፣ በዝግታ፣ እስከ ማህተሙ ድረስ አነበበችልኝ። ልጇ በዚያው ቀን አንደኛ ክፍል ይገባል። የሚይዘው ሳህን ተገዝቶለታል፤ አሁን ከበሮ አድርጎት ጆሯችንን አደንቁሮታል።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ይህን ሁሉ ወረቀት ፈጀሁ፤ ታውቂኛለሽ። ብታደርጊልኝም ባታደርጊልኝም መስከረም አንድ ቀን ነይ። ጣሳዋ ዝጋለች እንጂ አለች። ደረቅ ገበታ ግን አትጠብቂ! እሱ ለወረዳ ሰዎች ነው፤ አንቺ የቤት ልጅ ነሽ። ቢቢ ሳውሪ ከአሁኑ በግ እያደለበች ነው፤ «ሳላያት ብሞት እንኳን በጉ ይጠብቃታል» ትላለች።

በልተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ያንን ጥያቄ እንደገና ጠይቂኝ። «ኦፓ፣ ምን ይጎድላችኋል?» በይኝ። ዘንድሮ ሳላፍር እመልስልሻለሁ፦ አንቺ ነሽ የጎደልሽብን።

ጭልፋሽን ይዛ ወንዙ ዳር የምትጠብቅሽ፣

ሳድባርግ
ሳንግዳራ