በሐሞትሽ ሰበብ ቅቤ ስለመከልከሌ

ውድ ሃረጌ፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ አልጀምርም፤ ያየሁሽ ከትናንት ወዲያ ነው። የምጽፍልሽ አቤቱታ ስላለኝ ነው። እናትሽ ወርቄ ቅቤ ከለከለችኝ። የሆስፒታሏ ሐኪም “ቅባት ትቀንስ” ያለችው ስለ አንቺ ነበር፤ ወርቄ ግን ትእዛዙን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አወጀችው። ዛሬ ለምሳ ጎራ ብል የቀረበልኝ ሽሮ ዘይት በሩቁም ያየ አይመስልም። “እህቴ፣ የታመመችው ልጅሽ፣ የምትቀጪው እኔን?” ብላት፣ “አጎቷ አይደለህ? ተካፈላ!” አለችኝ። ያውም በበዓለ ሃምሳ! ቤተ ክርስቲያን ራሷ ረቡዕና ዓርብን በፈታችበት ወቅት ወርቄ አዲስ ጾም አወጣች።

አቤቱታዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ወረቀቱ ባዶ እንዳይቀር የተጻፈ ነው።

ስደውልልሽ አታነሺም። ጓደኛሽ ፈትያ ግን ታነሣለች፤ እግዜር ይስጣት። ሃያ ሁለት ሰፈር እሷ ክፍል እንዳረፍሽ፣ ሾርባ እንደጠጣሽ፣ ደግሞም “ሐሞቴን ያበላሸው ያ ክኒን ነው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አልውጠውም” እንዳልሽ ነገረችኝ። ከሥራ ስትመለስ በቦሌ ሚካኤል በኩል አድርጋ ይህን ወረቀት ትወስድልኛለች። ስለዚህ እስከ አስራ አንድ ሰዓት መጨረስ አለብኝ። የሱቄን በር ዘግቼ፣ ወረቀቴን የሰው ፍሪጅ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ። ባለቤቱ ዛሬ ይደርሳል ብዬው ነበር፤ ነገም አይደርስ።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ሐኪም ነበርን። በፋሲካ ማግስት የቀኝ ጎንሽን ይዘሽ ስታጎነብሺ፣ እናትሽ “ጨጓራ ነው” አለች። የግቢው ሰውም “ጨጓራ ነው” አለ። በዚህ ከተማ ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። እኔም አብሽ በጥብጬ ይዤልሽ መጣሁ። “ጋሼ፣ ይሄ ከሕመሙ ይብሳል” አልሽኝ። አሁን ሳስበው ልክ ነበርሽ።

ከዚያ ሩዋንዳ ሰፈር፣ የምትሠሪበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሕመሙ ደረጃው ላይ አጥፎ አስቀመጠሽ። አብሮሽ የሚሠራው ቢሩክ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰሽ። እኔ ስደርስ በአልትራሳውንድ አይተው የሐሞት ጠጠር መሆኑን ነግረውሽ ነበር። ወጣቷ ሐኪም “በቋሚነት የምትወስጂው መድኃኒት አለ?” ብላ ስትጠይቅሽ ግን፣ ዓይንሽን ሳታሺ “የለም። ቫይታሚን ብቻ” አልሻት።

ያን የቫይታሚን ብልቃጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ብርቱካን የተሳለበትን፣ ክኒንሽን ገልብጠሽ የምትደብቂበትን ብልቃጥ መርጬ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወድቀሽ ስትነቂ፣ አፍንጫሽ ሥር የክብሪት ጭስ፣ ዙሪያሽን የሰው ጫማ ነበር ያየሽው። ከዚያ ወዲህ የበሽታውን ስም ቤታችን ውስጥ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንጠራው። ይህ መድኃኒት ከተገኘልሽ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቅሽም።

ስለዚህ አፌን ከፈትኩ። “ዶክተር፣ ያ ቫይታሚን የሚጥል በሽታ ነው የሚያክመው” አልኳት። በማለቴ አልጸጸትም፤ ሆድሽን የሚከፍት ሰው ሆድሽ የሚገባውን ማወቅ አለበት። የማዝነው ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንዳለ ሳላይ መናገሬ ነው። ቢሩክ የታሸገ ውሃ ይዞልሽ ቆሞ ነበር። ውሃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አንቺ መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ እኔን አየሽ። “ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዳታናግረኝ” አልሽ። ልጁም ከዚያ ወዲህ አልደወለልሽም አሉ።

ፊትሽን ወደ ግድግዳው ካዞርሽ በኋላ ሐኪሟ ያለችውን አልሰማሽም። እኔ ሰምቻለሁ፤ አስደግሜያታለሁም። “አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ለጠጠሩ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ” አለች እንጂ “ያንቺን ያመጣው እሱ ነው” አላለችም። ክኒን ቀምሰው የማያውቁ ብዙ ሴቶችንም እንደሚይዛቸው ነገረችኝ። “ታዲያ ትተወው?” ብላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። “በራሷ ፈቃድ በድንገት ካቆመች፣ መውደቁ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ከነርቭ ሐኪሟ ጋር እንነጋገራለን። መቀየር ካለበት ቀስ ብለን እንቀይረዋለን። የሐሞት ከረጢቱም መውጣት ካለበት ይወጣል፤ ሰው ያለ እሱ ይኖራል።” ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ይጠብቁሻል።

እኔ ፍሪጅ መጠገን የተማርኩት እየነካካሁ፣ አንዳንዴም እያበላሸሁ ነው። ሕክምና አላውቅም። ግን ሰዎች ፍሪጃቸው ውሃ ሲያንጠባጥብ ደንግጠው ከሶኬት ይነቅሉታል። መንጠባጠቡ በርግጥ ይቆማል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ተበላሽቶ እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

ስለ ቢሩክ ምንም ልነግርሽ አልችልም። ስሙን ቀስ ብለሽ ስትጠሪው ሰምቻለሁና ቀላል ነገር ነው አልልሽም። ብቻ እሱ ቢቀርም ባይቀርም ክኒኑን ማታ ዋጪው። ሐሙስ ቁጣሽን ይዘሽ ነይ። ታክሲ ውስጥ አታናግሪኝ፤ እኔ ብቻዬን አወራለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ፈትያ ዛሬ ቸኮለች መሰለኝ።

ፈትያ አይደለችም። ቢሩክ ነው!

አሁን ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የደንበኛ ደረሰኝ የምጽፍ መስሎታል። ያለውን እንዳለ ላስፍርልሽ። “ጋሽ ዘርአጽዮን፣ ያን ቀን የወጣሁት ፈርቼ አይደለም። እሷ ያልነገረችኝን ሰምቼ ፊቷ መቆም አፍሬ ነው” አለኝ። ግንባሩን ጠረገ። “እናቴን ስጠይቃት ‘ክብሪት ጭረህ አሽትታት’ አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ‘ማንኪያ ጥርሷ መሃል አስገባ’ ይላል። ግራ ገባኝ። ሃረግ አጠገቤ ብትወድቅ ምንድነው የማደርገው?”

“ክብሪቱን ለሻማ፣ ማንኪያውን ለሾርባ ተወው” አልኩት። “በጎኗ አስተኛት። ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ። አፏ ውስጥ ምንም እንዳታስገባ። ሰዓትህን እያየህ አጠገቧ ቁጭ በል፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዳት።”

ጃኬቱን አውልቆ አጣጠፈው። “ይሄ ለራስጌ ይበቃታል?” አለኝ። “ይበቃል” ብለው፣ “በወሬ ብቻ አይያዝልኝም፤ አንዴ ሠርቼ ልየው” አለ።

ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚወድቅ ሰው የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም፤ መሬቱ ላይ ልተኛለት ነው።

ክኒንሽን ዋጪ። ሐሙስ ጠዋት እንገናኝ።

ሊወድቅ የተዘጋጀው አጎትሽ፣
ዘርአጽዮን