የዮሲ ደም

ቤርሼባ፣ ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2006

ዛሬ አባባን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ማስተርጎሙ እንደተለመደው የኔ ሥራ ነው። ሐኪሟን የሳንባ ካንሰሩ ገርሟታል፤ አባባ በዕድሜያቸው ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። "አንዳንድ ሰው ባያጨስም ከወላጅ የወረሰው ዘረመል ለዚህ በሽታ ያጋልጠዋል። ልጆቻቸውም ደም ቢሰጡ እናያለን" አለች።

እዚያው ሆኜ ለወንድሜ ለዮሲ ደውዬ ነገርኩት። ቀጥዬ ይህንኑ ስነግራቸው አባባ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እዚያው ሐኪሟ ፊት፣ ቀስ ብለው በአማርኛ "አንቺ ስጪ፤ ዮሲን ግን ተይው" አሉኝ።

ለምን አልኳቸው።

"ሱዳን የስደተኞች መጠለያው ውስጥ እናቱ ስትሞት ከጎኗ አነሳነው። ገና ጡት አልተወም ነበር። እዚህ እስራኤል ስንገባ ልጄ ነው ብዬ አስመዘገብኩት።"

እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፤ በምን አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው ሲሉኝ ነው ያደግኩት።

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። "ወንድሜ ሥራ ይበዛበታል ነው የሚሉት" አልኳት።

አመሻሹ ላይ ዮሲ ከፋብሪካ ወጥቶ ሽኩና ቫቭ ሰፈር እኛ ቤት መጣ። ሐኪሟ ስለ ዘር ያለችውን ስልክ ላይ ነግሬው ነበር፤ ያኔ የአባባን ነገር ገና አልሰማሁም። ሲጋራውን ከነፓኮው ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ስንት ዓመት ለምነነው እምቢ ያለ ሰው ነው። "እሳቸው ሳያጨሱ ከያዛቸው እኔማ አልቆልኛል። ደማችን አንድ ነው" አለ በዕብራይስጥ።

አባባ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ይህንን አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።

"እውነቱን ነው" አሉ።